በጽድ ጥላ ሥር ደማቅ ወፎችን ፎቶ ማንሳት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የጎፍ ደን ውስጥ ካሜራ ይዞ የገባ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ወፏ በዓይን ስትታይ ቀለሟ ቁልጭ ያለ ነው። ፎቶው ላይ ግን ወይ ጥቁር ጥላ ሆና ትወጣለች፣ ወይ ደብዝዛ መልኳ ይጠፋል። ብዙ ሰው ወዲያው ሌንሱን ይወቅሳል። ትልቅ ሌንስ ቢኖረኝ ኖሮ ይላል።

ትልቅ ሌንስ ይረዳል፤ አልክድም። ነገር ግን ደን ውስጥ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ብርሃን ነው፤ ወፏ ሁለተኛ ናት። ብርሃን የሚያርፍበትን ቅርንጫፍ ለይቶ እዚያው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በተራ ሌንስም ቆንጆ ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ወፍ እያሳደደ ከዛፍ ዛፍ የሚሮጥ ሰው ውድ ካሜራ ቢይዝም የሚያገኘው የወፍ ጀርባ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ካሜራ እንደ ዓይን አይላመድም

ከአስፋልቱ ወጥተን ጽድ ውስጥ ስንገባ ዓይናችን ከጥላው ጋር ቶሎ ይላመዳል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተን ሁሉም ነገር ደህና አድርጎ ይታየናል። ካሜራ ግን የገባለትን ብርሃን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር ያለው ብርሃን ጠራራ ፀሐይ ካረፈበት ሜዳ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊያንስ ይችላል።

በቁጥር እንየው። ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ በኤፍ 5.6 (አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና በአይኤስኦ 400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ካሜራው 1/3200 ሰከንድ የሹተር ጊዜ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ይሰጣችኋል እንበል። ከባድ ጥላ ውስጥ በዚያው አፐርቸርና በዚያው አይኤስኦ 1/30 ሰከንድ አካባቢ ይጠይቃል። በ1/30 ሰከንድ ውስጥ እጃችን ይንቀጠቀጣል፣ ወፏም አንገቷን ታዞራለች። ድብዝዙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የጎደለውን ብርሃን ለመሙላት ካሜራው ላይ ሦስት ነገር ብቻ አለን። አፐርቸሩን መክፈት፣ ሹተሩን ማዘግየት፣ አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ። እያንዳንዱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። አራተኛው ካሜራው ላይ የለም፤ እግራችን ላይ ነው። ከውስጥ ወደ ደኑ ጠርዝ ጥቂት እርምጃ መጠጋት ብርሃኑን እጥፍ፣ አንዳንዴም አራት እጥፍ ያደርገዋል። ምንም አያስወጣም፤ ፎቶውንም አያበላሽም።

መጀመሪያ ቦታውን ማጥናት

ከተቻለ አንድ ቀን ካሜራ ሳትይዙ ሂዱ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ወፍ የምትመገብበት ዛፍ፣ ከዚያም በዚያ ዛፍ ላይ ብርሃን የሚያገኘው ቅርንጫፍ።

የመጀመሪያውን የሚነግራችሁ ፍሬ ነው። ሾላ ሲበስል ፍሬ በል ወፎች በሙሉ እዚያ ናቸው። ዋርካም እንደዚሁ። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ሲያፈሩ ሶሪት የምትባለው አረንጓዴ ወፍና ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን አይጠፉም። አበባ ከሆነ ደግሞ እሬትና ቆርች ሲያብቡ የአበባ ወለላ የሚጠጡት ትንንሾቹ ወፎች ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ወፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ መሬት ተመልከቱ። ከዛፉ ሥር የተበላ ፍሬና ትኩስ ኩስ ካለ ደንበኞቹ ላይ ናቸው።

ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። እረኛ ጠይቁ። የደን ጠባቂ ጠይቁ። "አባባ፣ ያቺ ስትበር ክንፏ ቀይ የሚሆነው ወፍ የት ነው የምትውለው?" ማለት ይበቃል። ስሟን ባታውቁም ቀለሟን ተናገሩ። የወሎ ሰው መንገድ ሲጠየቅ በጣት ጠቁሞ አይበቃውም፤ "አብሽር፣ ና ላሳይህ" ብሎ ይሸኛል። ደኑ ውስጥ የሚውሉ ልጆች የትኛው ዛፍ ላይ በስንት ሰዓት ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፎቶውን መልሳችሁ ብታሳዩአቸው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይጠሯችኋል።

የት እንሂድ ለሚል፦ ለኮምቦልቻ ሰው የጎፍ ቅርብ ነው። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ግርጌ ብዙው ባሕር ዛፍ ቢሆንም በየሸለቆው የቀሩ አገር በቀል ዛፎች አሉ፤ ወፎቹም እነሱን ተከትለው ነው የሚኖሩት። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢዎችና ትልልቅ ዛፍ ያለባቸው የመቃብር ቦታዎች በጣም ጥሩ ናቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ ገዳሙም ሐይቁም ለወፍ ተመልካች ሀብት ነው። እነዚህ ቦታዎች ግን የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። መግባት ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ካሜራውን አሳይቶ ወፍ ለማንሳት እንደመጡ መናገር፣ ጸሎት ወይም ቀብር ካለ ሌላ ቀን መመለስ ግድ ነው። ሥርዓቱን ያከበረ እንግዳ ሁልጊዜ ይፈቀድለታል ማለት ባልችልም፣ ያላከበረው ግን ከኋላው የሚመጣውንም በር ይዘጋበታል።

ዛፉ ከተገኘ በኋላ ብርሃኑን ማንበብ ይቀራል። እጃችሁን ፊት ለፊት ዘርጉ፣ መዳፋችሁን ወደ ራሳችሁ አዙሩና በቀስታ ዙሩ። መዳፋችሁ ላይ ያለውን ብርሃን ተመልከቱ። አንድ አቅጣጫ ላይ መዳፉ ይደምቃል፤ ሌላው ላይ ይጠቁራል። የሚደምቀው ክፍት ሰማይ ከጀርባችሁ ሲሆን ነው። እንግዲህ ክፍቱ ሰማይ ከጀርባችሁ ወይም ከትከሻችሁ በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ቁሙ። ወፏ የምታርፍበት ቅርንጫፍ ጥላ ውስጥ ቢሆንም ፊቱ ወደ ክፍቱ ሰማይ የዞረ ይሁን። መንገድ፣ ወንዝ፣ የወደቀ ትልቅ ዛፍ የከፈተው ቦታ፣ የደን ጠርዝ፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ብርሃን ይሰጣሉ።

ከወፏ ጀርባ ያለውንም ተመልከቱ። በቅጠል መሐል ነጭ ሰማይ ከታየ ሌላ ቅርንጫፍ ፈልጉ። ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ሩቅ ቅጠል ግን ደማቅ ወፍን አጉልቶ ያወጣታል።

ሰዓቱና ወቅቱ

ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድ ነው። ደን ውስጥ ግን በዚያ ሰዓት ለካሜራ የሚሆን ብርሃን ገና አልገባም። ለእኔ የሚመቸው ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡30 ያለው ነው። ወፏም አልደከመች፣ ብርሃኑም ደርሷል። ከሰዓት በኋላ ከ9፡30 ጀምሮ እንደገና ይመጣሉ። ደሴ ላይ ግን ፀሐይ ጦሳ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ የማታው ብርሃን ከሰዓቱ ቀድሞ ያልቃል፤ 11 ሰዓትን አትጠብቁ።

ጥርት ያለ ሰማይ ጥሩ ይመስላል። ደን ውስጥ ግን ያስቸግራል። ፀሐይዋ በቅጠሉ ቀዳዳ ገብታ ወፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ትጥላለች፤ ግማሽ ክንፍ ነጭ፣ ግማሽ ክንፍ ጥቁር ይሆናል። ይህን በኋላ ምንም ማስተካከያ አያድነውም። ስስ ደመና ያለበት ቀን ነው የሚሻለው። ሰማዩ ሁሉ ብርሃን ይሆንና በየቅጠሉ ሥር እኩል ይገባል። በበልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ እንዲህ ያሉ ቀናት ብዙ ናቸው። ደመናማ ከሆነ እኩለ ቀንም አይናቅም፤ ጥቅጥቅ ላለ ደን ከሁሉም የበለጠ ብርሃን የሚገኘው ያኔ ነው።

ክረምት ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ጊዜ አታሳልፉት። ቅጠሉ ታጥቧል፣ ወፎቹ ላባቸውን ለማድረቅ ወደ ገላጣ ቅርንጫፍ ይወጣሉ። ዝም ብለው ስለሚቀመጡም ዘገምተኛ ሹተር ይችሉላችኋል።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በብርድ ጠዋት ከደሴ ተነስታችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ የቀዘቀዘው ሌንስ ላይ ላብ ይይዛል። ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱ። ዚፑ እንደተዘጋ እስኪለምድ ተዉት፤ ሻይ ጠጡ።

የቀለሙ ምንጭ ይለያያል

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ፤ የትኛዋን ወፍ በየትኛው ብርሃን እንደምታነሱ የሚወስነው እሱ ነው።

አንዳንድ ወፍ ቀለሟ ላባው ውስጥ ባለ ማቅለሚያ የተሠራ ነው። ሶሪት የዚህ ምሳሌ ናት። አረንጓዴ አካል፣ ጉንጯ ላይ ነጭ፣ ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ። ፈረንጆች ቱራኮ ከሚሏቸው ወገን ናት። የክንፏ ቀይ ቱራሲን ከሚባል መዳብ ካለበት ማቅለሚያ የመጣ ነው፤ አረንጓዴዋም ማቅለሚያ ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ አይለወጥም። ስለዚህ ሶሪትን በደመና ቀን፣ በልስልስ ጥላ ውስጥ ያለ ሐሳብ አንሷት። እንዲያውም ያኔ ነው የምታምረው። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ አካሏ ቢጫ የሆነችው፣ ፈረንጆች አቢሲኒያን ኦሪዮል የሚሏት ወፍም እንዲሁ ናት። እሷ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ክንፏ ጥቁር የሆነችው ትንሽ በቀቀንም እንደዚሁ የሁለታችን ብቻ ናት፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው።

ሌላዋ ወፍ ግን የሚያብለጨልጭ ቀለሟ ማቅለሚያ አይደለም። መንቁሯን እሬት አበባ ውስጥ የምትከተውን ትንሽ ወፍ አስቡ። በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው ዝርያ በደጋው አለች፤ ወንዱ ሐምራዊና ነሐስማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ይህ ብልጭታ የሚመጣው የላባው ጥቃቅን አሠራር ብርሃኑን ሲመልሰው ነው። ብርሃኑ በትክክለኛው አቅጣጫ ካልመጣ ወፉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ለእንዲህ ያለ ወፍ ክፍቱ ሰማይ በቀጥታ ከጀርባችሁ መሆን አለበት። ከዚያም ወደ እናንተ ዞሮ አንገቱን እስኪያበራ ጠብቁ። ዞር ሲል ቀለሙ በቅጽበት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሲበራ ተከታታይ ምት ልቀቁ።

ለጀማሪ ግን የምመክረው ሌላ ወፍ ነው። ወንዱ ከአካሉ የሚረዝም ጅራት ያለው፣ ቀይ ቡኒ ወይም ነጭ የሚሆነው ዝንብ አዳኝ። በዛፍ ሥር በጥላ ውስጥ ይውላል፤ ሰው ብዙ አይፈራም። ዋናው ጥቅሙ ዝንብ ሊይዝ ከበረረ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ መመለሱ ነው። ቅርንጫፉን ለይታችሁ ፎከሳችሁን አስተካክላችሁ ትጠብቁታላችሁ። ጥላ ውስጥ ማንሳትን ለመማር ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ካሜራውን ማዘጋጀት

ወፏ ከመምጣቷ በፊት ያለቀ ሥራ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ፋይሉን ራው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ዓይነት) ላይ አድርጉት። ጥላ ውስጥ ብርሃኑ በቅጠሉ ተጣርቶ ስለሚገባ ነጩም ሳይቀር ወደ አረንጓዴ ያደላል። ራው ከሆነ ይህ በኋላ ይስተካከላል። ጄፔግ ከሆነ ግን ቀለሙ ካሜራው እንደወሰነው ተጨምቆ ስለሚቀመጥ በኋላ ማስተካከል ያስቸግራል።

አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ሌንሳችሁ የሚችለው ኤፍ 5.6 ከሆነ 5.6፣ 4 ከሆነ 4። ከ5.6 ወደ 4 መውረድ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ ወደ 2.8 ደግሞ አራት እጥፍ። ሌንሱና ካሜራው መሐል የሚገጠም ማራዘሚያ ካላችሁ ፍቱት። 1.4 እጥፍ የሚያቀርበው ግማሹን ብርሃን ይበላል፤ 2 እጥፍ የሚያቀርበው ሦስት አራተኛውን። አፐርቸሩ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ይጠባል። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 5.6፣ 10 ሜትር ላይ ያለች ወፍ ጥርት ብላ የምትወጣው በአንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን። ዓይን ጥርት ካለ ጅራቱ ቢደበዝዝ ማንም አይቆጣም።

ሞዱን ማኑዋል አድርጉና አይኤስኦውን አውቶ ላይ ተዉት። አፐርቸሩ ክፍት ነው፣ ሹተሩን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ የቀረውን ካሜራው ይሞላል። የአውቶውን ጣሪያ 6400 ላይ አድርጉት። ካሜራችሁ አሮጌ ከሆነ 3200 ይበቃል።

ሹተሩ ላይ ነው ጥበቡ። ተቀምጣ ለምታርፍ ወፍ 1/250 ጥሩ መነሻ ነው። ልክ እንደመጣች በ1/250 ጥቂት ምት አንሱ፤ ይህ ዋስትናችሁ ነው። ካልበረረች 1/125 አድርጉ፣ እንደገና አንሱ። ካሜራው ድጋፍ ላይ ከሆነ እስከ 1/60 ውረዱ። ሹተሩ በእጥፍ በዘገየ ቁጥር አይኤስኦው በግማሽ ይወርዳል፤ ፎቶው ይጠራል። ወፎች ያለማቋረጥ አይንቀሳቀሱም። ዘምረው ሲጨርሱ፣ ፍሬ ውጠው ሲያበቁ፣ ድምፅ ሰምተው ሲያዳምጡ ለቅጽበት ይደርቃሉ። ያችን ቅጽበት የለመደ ሰው በ1/60ም ጥርት ያለ ፎቶ ያገኛል። የሚበር ወፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከጥላ ውስጥ ለማንሳት አትድከሙ። የሶሪትን ቀይ ክንፍ ከፈለጋችሁ ከዛፍ ወደ ዛፍ የምትሻገርበትን ገላጣ ቦታ አጥኑና እዚያ ጠብቋት።

ተከታታይ ምት ተጠቀሙ፤ በአንድ ጊዜ አራት አምስት። ጣት ሲጫን ካሜራው ስለሚነቃነቅ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፤ መሐሉ ላይ ያሉት ይሻላሉ። ድምፅ የማያሰማ ሹተር ካለው አብሩት።

ፎከስ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡ፤ መሐሉን። በአሮጌ ካሜራ ጥላ ውስጥ በደንብ የሚሠራው እሱ ነው። አዲሶቹ የወፍ ዓይን ራሳቸው ይፈልጋሉ፤ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ከፊት ቅጠል ካለ ቅጠሉን ይይዛሉና ነቅታችሁ ተከታተሉ።

ከዚያ ወፏ የለችም ገና፤ ቅርንጫፉን አንሱት። ቅርፊቱን። ስክሪኑ ላይ ተመልከቱ። በጣም ጠቁሯል? ሹተሩ በቂ ነው? ሁሉም በዚህች የሙከራ ምት ይስተካከላል።

እጅን ማሳረፍ

ሌንሱ 400 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእጅ ብቻ ይዞ ለማንሳት ድሮ የሚመከረው 1/400 እና ከዚያ በላይ ነበር። በካሜራውና በሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ የወፏን እንቅስቃሴ ግን አያቆምም። ለማንኛውም ድጋፍ ያስፈልጋል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካለ ጥሩ። ከሌለ የጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ በአንድ ኪሎ ሽምብራ ሙሉት፤ ድንጋይ ላይ፣ ጉቶ ላይ፣ የመኪና መስኮት ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ሌንሱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ከብዙ ርካሽ ትራይፖድ ይበልጣል። ዱላም ይሠራል። ዱላውን መሬት ላይ ተክላችሁ፣ ሌንሱን ከያዘው እጃችሁ ጋር አንድ ላይ ጨብጡት። ተቀምጦ ክርንን ጉልበት ላይ ማሳረፍ ደግሞ ምንም ዕቃ አይፈልግም።

መቀመጥና መጠበቅ

ቦታውን ይዛችሁ ተቀመጡ። ቆሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ወፍን ያስበረግጋል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይረሳል። ነጭ ጋቢና ነጠላ ጥላ ውስጥ ከሩቅ ያበራል፤ ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ቡኒ ልበሱ። የሚንኮሻኮሽ ጃኬት አትልበሱ። ስልኩን ዝም አሰኙት። ወደ ወፏ መጠጋት ካስፈለገ በቀጥታ ሳይሆን ሌላ ቦታ የምትሄዱ ይመስል በአግድም ሂዱ፤ ትክ ብላችሁ አትዩአት።

የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራት የተለመደ ሆኗል። በእርባታ ወቅት ይህን ባታደርጉ እለምናችኋለሁ። ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውንና መኖውን ትቶ ይደክማል። ጎጆ ካገኛችሁ ቅጠል ቆርጣችሁ አትክፈቱት፤ ያ ቅጠል ጫጩቶቹን ከፀሐይና ከጭልፊት የሚሸፍነው ነው። ራቅ ብላችሁ ጥቂት አንሱና ሂዱ።

ብርሃኑን መለካት፦ ሁለት ወጥመድ

የመጀመሪያው ሰማይ ነው። ወፏ ከፍ ብላ ከጀርባዋ ነጭ ሰማይ ካለ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ያጨልማል፤ ወፏ ጥቁር ትሆናለች። መጋለጫ ማካካሻውን (ፎቶው እንዲደምቅ ወይም እንዲጨልም ካሜራውን የምታዙበት + እና −) ወደ +1 ወይም +2 አድርጉት። ሰማዩ ነጭ ቢሆን ይሁን፤ የመጣችሁት ለወፏ ነው።

ሁለተኛው ቀይ ነው። ከጀርባ ጥቁር ቅጠል ሲኖር ካሜራው ደግሞ በተቃራኒው ያደምቃል። ያኔ የቀይና የቢጫ ላባ ዝርዝር ይጠፋል፤ እንደ ፕላስቲክ ለስልሶ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም (የብርሃን ግራፍ) ክፈቱ። ቀዩ ወደ ቀኝ ጠርዝ ከተጣበቀ ማካካሻውን በሁለት ሦስተኛ ዝቅ አድርጉ። ነጩ ዝንብ አዳኝ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከዚህ ውጭ ግን አታጨልሙ። ብዙዎች አይኤስኦውን ፈርተው ዝቅ አድርገው ያነሱና ቤት ገብተው ያደምቁታል። ጨልሞ ተነስቶ የተደመቀ ፎቶ መጀመሪያውኑ በትክክለኛው አይኤስኦ ከተነሳው አብዛኛውን ጊዜ የባሰ ኖይዝ (ፎቶውን የሚያበላሽ ጥቃቅን ነጠብጣብ) ያወጣል። 3200ን አትፍሩት።

ውድ ሌንስ ለሌለው

የሠርግ ፎቶ የሚሠሩ ልጆች ሁሉ እጅ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አለ። ርካሽ ነው። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ችግሩ ወፏ በጣም ቅርብ መሆን አለባት። መፍትሔው ካሜራውን ትቶ መራቅ ነው።

በግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰፊ ሳህን ላይ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት ያልበለጠ ውሃ አድርጉ። አጠገቡ አንድ ቆንጆ ደረቅ ቅርንጫፍ ትከሉ። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ወፎቹ ከለመዱት በኋላ ካሜራውን ከቅርንጫፉ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ አድርጋችሁ ትራይፖድ ላይ አስቀምጡ። ፎከሱን ቅርንጫፉ ላይ አስተካክላችሁ ወደ ማኑዋል ቀይሩት። አፐርቸሩን 2.8 አካባቢ አድርጉት፤ በዚህ ርቀት 1.8 ላይ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ይጠባል። ከዚያ ከቤት ውስጥ ሆናችሁ በስልክ አፕ ወይም በሪሞት ታነሳላችሁ። ደረቅ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውሃ ሲጠፋ ይህ ዘዴ በደንብ ይሠራል።

ስልክ ብቻ ላለው፦ ባይኖኩላር ፈልጉና የስልኩን ካሜራ በአንዱ ዓይን ላይ ደግናችሁ አንሱ። ጥራቱ ውስን ነው፤ ወፏን ለመለየት ግን ይበቃል።

ቤት ገብቶ ማስተካከል

ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ወይም ነጻው ዳርክቴብል ይበቃል። መጀመሪያ ዋይት ባላንሱን (የነጩን ቀለም ሚዛን) አስተካክሉ። አረንጓዴውን ለማውጣት ቲንቱን ወደ ማጀንታ በጥቂቱ ግፉት፤ የሶሪት ጉንጭ ነጭ እስኪሆን። ከዚያ ኖይዙን ቀንሱ፤ ግን ላባው እስኪለሰልስ አትሂዱ። ትንሽ ኖይዝ ያለበት ላባ ኖይዝ ከሌለበት ሰም ይሻላል። ቀለሙን አታጋንኑ። እነዚህ ወፎች የእኛ ቀለም አያስፈልጋቸውም።

ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ የሚያስደነግጠው ኖይዝ መጠኑ ሲቀንስ ብዙው ይጠፋል፤ ስለዚህ በሚታይበት መጠን ፍረዱት። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቃል፣ የደከማችሁበት የላባ ዝርዝርም አብሮ ይጠፋል።

እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ወፏ ያረፈችበትን ዛፍ ጻፉ። ኢበርድ የሚባለው ነጻ የወፍ መዝገብ ከዓለም ዙሪያ ፎቶና ምልከታ ይቀበላል፤ ከወሎ የሚላክለት መረጃ ለአጥኚዎችም ለደኑም ይጠቅማል። ጎጆ ያለበትን ቦታ ግን በትክክል አትጻፉ፤ የደኑን ስም ማስቀመጥ በቂ ነው።